በ8 ሳምንት አዲስ አንጎል? ቀስ እንበል እንጂ

ሰሞኑን ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ እየተላለፈ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። አንዳንዶቹ «አንብቢው፣ ላንቺ ነው» ብለው አክለውበታል። ምን አይተውብኝ እንደሆነ እንጃ።

ጽሑፉ ስለ ማይንድፉልነስ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ትንፋሽን ወይም የሰውነትን ስሜት መከታተል ነው። ሐሳብ ሲሸሽ ራስን ሳይወቅሱ ይመልሱታል። ከዚያ ይሸሻል፤ እንደገና ይመልሱታል።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በ8 ሳምንት ልምምድ የፍርሃት ማዕከል የሆነው አሚግዳላ ይኮማተራል፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ደግሞ ያድጋል፤ ይህንንም ሃርቫርድ አረጋግጧል። ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ይወርዳል። ውጥረት የሚመጣው ከኑሮው ሳይሆን ስለ ኑሮው ከምናስበው ነው። ልምምዱ ለማንም ይሆናል፣ ጉዳት የለውም፣ በየትምህርት ቤቱም መሰጠት አለበት። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በጸሎታችንና በቡናችን ድሮም ስንሠራው ኖረናል። በመጨረሻም ከመድኃኒት እኩል ስለሚሠራ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊተወው ይችላል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። የተጻፈውም በክፋት አይመስለኝም። የመድኃኒቱን ነገር ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ከሌሎቹ እንጀምር።

በቅድሚያ የምስማማበትን ልናገር። ልምምዱ ይጠቅማል። በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 47 ጥናቶችን ሰብስበው ገምግመው ነበር (የጥናቶቹ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በጥናቶቹ 3,515 ሰዎች ተሳትፈዋል። ጭንቀት፣ ድብርትና የሰውነት ሕመም መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። «መጠነኛ» የምትለዋን ያዙልኝ። በዚያው ግምገማ ሜዲቴሽን (ማይንድፉልነስ አንዱ ዓይነቱ ነው) ከስፖርት፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና እንደሚበልጥ ማስረጃ አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው ሰው ምንም አልቀረበትም ማለት ነው።

አሁን ወደ አንጎሉ።

ሃርቫርድ አረጋገጠ የተባለው ጥናት የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ2011 ታትሟል። የተሠራው ከሃርቫርድ ጋር በሚሠራው የቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። ተሳታፊዎቹ ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረውን የ8 ሳምንት ሥልጠና ወሰዱ። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ኤምአርአይ (የአንጎል ፎቶ) ተነሡ። በግራ በኩል ባለው ሂፖካምፐሳቸው ግራጫው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች የሚበዙበት፣ ጨምሮ ተገኘ።

ጸሐፊው ያልነገሩን ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ነው። 16 ናቸው። ለንጽጽር የታዩት ደግሞ 17። ማን እንደሚሠለጥን የተወሰነውም በዕጣ አልነበረም። ሠልጣኞቹ ራሳቸው ፈልገው የተመዘገቡ ነበሩ። ለመለወጥ ቆርጦ የተነሣ ሰው በእነዚያ 8 ሳምንታት እንቅልፉንም፣ አመጋገቡንም፣ እንቅስቃሴውንም ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ ለውጥ ቢገኝ እንኳ የመጣው ከትንፋሹ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የአሚግዳላው ነገር ደግሞ ከዚህ ጥናት የተገኘ አይደለም። ያው ቡድን ከአንድ ዓመት በፊት በ26 ሰዎች ላይ ካሳተመው ሌላ ጥናት ነው። እዚያ የተባለው ውጥረቴ ቀንሷል ያለ ሰው በአሚግዳላው ውስጥ ያለው ግራጫ ክፍል መጠንም ቀንሶ ታየ ነው። ሁለት ነገር አብሮ ቀነሰ ማለትና የሠለጠነ ሁሉ አሚግዳላው ይኮማተራል ማለት አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሰፍተው ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ጥናት ሠርተዋል።

ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀስ የ2005 ጥናትም አለ። ለዓመታት ሜዲቴሽን የሠሩ 20 ሰዎችን ካልሠሩ 15 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ በአንዳንድ ቦታ የአንጎላቸው ቅርፊት ወፍሮ አገኘው። እዚህ ያለው ችግር ግልጽ ነው። የባስኬትቦል ተጫዋቾችን ቁመት ለክተን ጨዋታው ያስረዝማል አንልም። መጀመሪያውኑ ረጅሙ ነው ወደ ሜዳው የሚሄደው። ለዓመታት ጸጥ ብሎ መቀመጥ የቻለ ሰውም ከመጀመሪያው የተለየ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ጥናቶች ትንንሽ ስለነበሩ አንድ ሰው በትልቁ መድገም ነበረበት። ተደገመም። በ2022 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን አሳተሙ። ተሳታፊዎቹ 218 ናቸው፤ ሜዲቴሽን ሠርተው የማያውቁ ሰዎች። በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ያንኑ የ8 ሳምንት ሥልጠና ወሰደ። ሁለተኛው ተመሳሳይ ጊዜ የሚወስድ ሌላ የጤና ሥልጠና ወሰደ። ሦስተኛው ተራ ጠበቀ። ከዚያ አንጎላቸው ከላይ እስከ ታች ታየ። በፊት ለውጥ ተገኘባቸው የተባሉት ቦታዎችም ለብቻቸው ታዩ። ሥልጠናው ከሁለቱ ቡድኖች የተለየ የቅርጽም ሆነ የመጠን ለውጥ አላመጣም። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ለውጥ እንዳልተገኘ ይናገራል።

የጥናቱን መሪ ስም ስታዩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሪቻርድ ዴቪድሰን ነው። የቲቤት መነኮሳትን አንጎል በመመርመር ስሙ የታወቀ፣ ሜዲቴሽንን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናና ራሱም የሚሠራ ሰው። ለውጡ ቢገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለው እሱ ነበር። ፈልጎ አጣ፤ ማጣቱንም አሳተመ። ለዚህ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

«ታዲያ አንጎል አይለወጥም ልትይ ነው?» የሚል ይኖራል። ይለወጣል። ከታወቁት ማስረጃዎች አንዱ የለንደን ታክሲ ሹፌሮች ናቸው። ለንደን ውስጥ የጥቁሯን ታክሲ መንጃ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። በ2011 የታተመ ጥናት 79 ተማሪዎችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታተለ። ፈተናውን ያለፉት 39 ነበሩ። የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ያደገው የእነሱ ነው። የወደቁት ዘንድ አልታየም። እንግዲህ አስሉት። የቦስተኑ ሠልጣኞች ቤታቸው በአማካይ በቀን 27 ደቂቃ ነበር የተለማመዱት። በ8 ሳምንት ሲደመር 25 ሰዓት ገደማ ነው። አንዱ ለዓመታት መንገድ ሲሸመድድ ያገኘውን ሌላው በ25 ሰዓት ያገኛል ካልን ጠንከር ያለ ማስረጃ ማቅረብ አለብን።

አንድ ነገር ልመን። ስለ አንጎል አሠራር የሚያወሩት ጥናቶች ስለ ቅርጹ ከሚያወሩት የተሻለ ተስፋ አላቸው። ለምሳሌ አእምሮ ሥራ ሲፈታ፣ ስለ ራሱ እያብሰለሰለ ሲንከራተት የሚሠራ የአንጎል መረብ አለ። በ2011 ከየል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ይህ መረብ ልምድ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በሜዲቴሽን ጊዜ ቀዝቀዝ እንደሚል አሳይቷል። ይሄ ያሳምነኛል። ግን ደግሞ ትንሽ ጥናት ነው፤ የተሠራውም ለረጅም ጊዜ በለመዱት ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ሰው ልምምዱን ሠርቶ እንቅልፉ ከተስተካከለ የአንጎሉ ፎቶ ምን ያደርግለታል? ቀይና ቢጫ የተቀባ የአንጎል ሥዕል ያለበት ጽሑፍ ሼር ይበዛለታል፣ ያ ነው ነገሩ።

ወደ ኮርቲሶል እንለፍ። ጸሐፊው ኮርቲሶልን እንደ መርዝ ነው የሣሉት። ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጭ፣ ለመኖር የሚያስፈልግ ሆርሞን ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሣ ከፍ ይላል፣ ወደ ማታ ይወርዳል። ችግሩ ውጥረት ሲሰነብት ሥርዓቱ መዛባቱ ነው። እዚህ ድረስ ብዙም አንጣላም።

ማይንድፉልነስ ያወርደዋል ወይ በሚለው ግን ጀርመን ላይፕሲግ በሚገኘው ማክስ ፕላንክ ተቋም የተሠራ ትልቅ ሥራ አለ። ከ300 በላይ ሰዎች ለወራት ሦስት ዓይነት ሥልጠና ወሰዱ። የመጀመሪያው ትንፋሽንና ሰውነትን ማስተዋል ነው፤ እኛ የምናወራው ማይንድፉልነስ። ሌሎቹ ሁለቱ ርኅራኄንና የሌላን ሰው ሐሳብ መረዳትን የሚያሠለጥኑ ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ ሥልጠናዎች ተሳታፊዎቹ በየቀኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ10 ደቂቃ ያህል ያወራሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል። ከዚያ ሰዎቹን አስጨናቂ ፈተና ላይ አስቀምጠው ኮርቲሶላቸውን ለኩ። ሁሉም ውጥረታችን ቀንሷል አሉ። በምራቃቸው የተለካው ኮርቲሶል ግን የቀነሰው ጥንድ ሆነው በሠለጠኑት ዘንድ ብቻ ነው፤ እስከ 51 በመቶ ድረስ። ትንፋሻቸውን ብቻ የተከታተሉት ዘንድ አልቀነሰም።

ይህ ግኝት በ2017 ታተመ። ለእኔ በመስኩ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሆርሞኑን ያወረደው ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራቱ ነበር።

ጸሐፊውን የሚደግፍ ነገርም አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ያው ቡድን በ2021 የተሳታፊዎቹን ፀጉር መርምሮ ነበር። ፀጉር የወራትን ኮርቲሶል ይዞ ይቆያል። እዚያ ላይ ከ6 ወር ሥልጠና በኋላ በአማካይ የ25 በመቶ ቅናሽ ታየ፣ የሥልጠናው ዓይነት ምንም ይሁን ምን። ስለዚህ «ኮርቲሶል ፈጽሞ አይወርድም» አልልም። በ6 ወር ትጋት ሊወርድ ይችላል። በሞባይል አፕ ከመኝታ በፊት በሚሰማ የ5 ደቂቃ ድምፅ ይወርዳል የሚል ግን አላገኘሁም።

ውጥረት የሚመጣው ከኑሮው ሳይሆን ስለ ኑሮው ከምናስበው ነው የሚለው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

ግማሽ እውነት አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተጋድመን አከራያችን የተናገረውን በጭንቅላታችን ደጋግመን ስናጫውት፣ አከራዩ ራሱ በሰላም ተኝቷል። ይህን ድግምግሞሽ ማይንድፉልነስ ሊያላላው ይችላል። የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ግማሽ ግን ኪራዩ ነው። ኪራይ ሐሳብ አይደለም። በእንግሊዝ ከ1967 ጀምሮ 18,000 ገደማ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች የተጠኑበት የታወቀ ምርምር አለ፤ ዋይትሆል ይባላል። ሁሉም ደመወዝ ያላቸው፣ ቢሮ የሚውሉ ናቸው። ዝቅተኛው እርከን ላይ ያሉት ከከፍተኛው ይልቅ ሦስት እጥፍ ገደማ በልብ ሕመም ይሞቱ ነበር። ማጨስና የደም ግፊት ተሰልቶ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። በሥራው ላይ ማዘዝ የማይችል፣ ሁልጊዜ የሚታዘዝ ሰው ሰውነቱ ይከፍላል። ተላላኪው ከዳይሬክተሩ ይልቅ አስተሳሰቡ ስለተበላሸ ነው የሞተው ልንል ነው?

ቅርብ የሆነም ምሳሌ አለ። በምዕራብ ኬንያ ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ተሰጥቶ ነበር። ዮሐንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው የተቀባዮቹ ደስታና የሕይወት እርካታ ጨመረ። ኮርቲሶላቸው በአማካይ አልተለወጠም፤ ትልቁን መጠን ያገኙት ዘንድ ግን ወረደ። ብር ኮርቲሶል ያወርዳል ማለት ነው፣ በቂ ከሆነ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ዜና ላይሆን ይችላል።

በእኛ 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውል ዘመን ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። አፈጻጸሙ ሌላ ወሬ ነው። ግን «በሚቀጥለው ወር ትወጣለህ» እንዳይባል የሚያደርግ ሕግ ራሱን የቻለ የውጥረት ሕክምና ነው። ለሠራተኞቹ ደመወዝ ሳይጨምር የሜዲቴሽን ሥልጠና የሚያዘጋጅ ድርጅት ካያችሁ ደግሞ በጥርጣሬ ተመልከቱት።

ጉዳት የለውም የተባለው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2020 የታተመ ግምገማ 83 ጥናቶችን አይቶ ከተሳታፊዎች 8.3 በመቶ የሚሆኑት ላይ ደስ የማይል ውጤት እንደደረሰ አስልቷል። ብዙ ጊዜ የታዩት ጭንቀትና ድብርት ናቸው፤ ሰውየው ሊያርቃቸው የመጣው ነገር። ይህ ቁጥር ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ጋር ይቀራረባል፤ አያስደነግጥም። ግን ዜሮ አይደለም።

በተለይ ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጦርነት ያየ፣ በሊቢያ በረሃ የተጓዘ፣ በዐረብ አገር አሠሪዋ ቤት የተጎዳች ሴት። ዓይንሽን ጨፍኚና ሰውነትሽን አዳምጪ ሲባል ሰውነቷ የሚነግራት ያንን ሊሆን ይችላል። ትዝታው ድንገት ይመጣል።

ይህ ማለት ለእነሱ አይሆንም ማለት አይደለም። እስራኤል ውስጥ የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጎረቤታችን ኤርትራ በሄዱ 158 ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ሥልጠናውን ሞክረውታል። ስደተኛውን ታሳቢ አድርጎ እንደገና የተዘጋጀ የ9 ሳምንት ሥልጠና ነው። የደረሰባቸው ጉዳት ያስከተለው የሥነ ልቦና ሕመም ቀነሰ፣ ድብርትና ጭንቀትም ቀነሱ፣ ሥልጠናው የጎዳቸው ነገርም አልታየም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ውጤቱ የመጣው ለዚህ ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም፣ በሠለጠነ ሰው፣ በቡድን ነው። ዩቲዩብ ከፍቶ ለብቻ ዓይን መጨፈን ሌላ ነገር ነው።

የትምህርት ቤቱን ነገር ቶሎ እጨርሰዋለሁ፣ መልሱ ስላለ። በእንግሊዝ 85 ትምህርት ቤቶች፣ ከ8,000 በላይ ታዳጊዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2022 ወጣ። ማይንድፉልነስ የተማሩት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና አላገኙም። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው አልተለማመዱትም። የ12 ዓመት ልጅ የሚያውቅ ሰው አይደንቀውም። የመምህራኑ ድካምና መሰላቸት ግን ቀንሶ ነበር። እንግዲያው ለመምህራኑ ይሰጥ።

ድሮም የኛ ነበር የሚለው ጆሮ ደስ ይለዋል። አንዳንድ ነገሩም ልክ ነው። በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት መቁጠሪያ ይዘው በላቲን ጸሎት የሚደግሙ ሰዎች ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ እንደሚል፣ ይህም ለልብ ምት መልካም እንደሆነ አሳይቷል። በዮጋ የሚደጋገም ቃልም ያንኑ አደረገ። መቁጠሪያ ይዞ ኪርያላይሶን የሚደግም ክርስቲያን፣ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊምም ትንፋሹ በዚያው መንገድ ቢረጋጋ አይገርመኝም።

ግን ጸሎት የትንፋሽ ልምምድ አይደለም። የሚጸልይ ሰው አንድ የሚሰማው እንዳለ አምኖ ነው የሚናገረው። ምሕረት ይለምናል፣ ያመሰግናል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል። ማይንድፉልነስ ማንንም አያናግርም። ጸሐፊው አንድ ናቸው ሲሉ አማኙንም ሜዲቴተሩንም ያስቀይማሉ። ከዚህም በላይ አንድ ነገር ዘለዋል። ካባት-ዚን ልምምዱን የቀዳው ከቡድሂስት ትውፊት ነው። ሃይማኖቱን አውጥቶ ለሆስፒታል በሚሆን መልክ አዘጋጀው። ይህን ሰምቶ «ይቅርብኝ» የሚል ሰው መብቱ ነው፤ «ዘዴውን ብቻ እወስዳለሁ» የሚልም እንደዚያው። ምንጩን ሸፍኖ የአያቶቻችን ነው ማለት ግን አንባቢን ማታለል ነው፣ ሳይታሰብ የተደረገም ቢሆን።

ቡናውስ? ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲጠጣ ዓይን አይጨፈንም፤ ወሬ ነው። ጎረቤት ይታማል፣ ችግር ይነገራል፣ ሰው ይጽናናል። ወደ ላይፕሲጉ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥልጠና ይቀርባል እንጂ ወደ መጀመሪያው አይቀርብም። ደግሞ ከሰሉን የምታራግበዋን፣ የምትቆላዋን፣ ስኒ የምታጥበዋን ልጅም ጠይቁልኝ፤ እሷ ስንት ደቂቃ ተረጋግታ እንደተቀመጠች።

አሁን ያቆየሁት። መድኃኒት።

ጸሐፊው የጠቀሱት ጥናት አለ፤ ጥሩ ጥናትም ነው። በ2022 መጨረሻ ጃማ ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በቦስተን፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን 276 የጭንቀት ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ የ8 ሳምንት ሥልጠናውን፣ ግማሹ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ወሰደ። የሕመሙ ክብደት በ7 ደረጃ ይለካል። የሠለጠኑት በ1.35፣ መድኃኒት የወሰዱት በ1.43 ቀነሰላቸው። ተቀራራቢ ነው። የጎንዮሽ ችግር ደግሞ በመድኃኒቱ 78.6 በመቶ፣ በሥልጠናው 15.4 በመቶ። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ «መተው ይቻላል» ማለት ግን ከጥናቱ ውጭ ነው። ጥናቱ መድኃኒት ላይ የነበረ ሰው ቢያቆም ምን ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። ከሁለት ሕክምናዎች በየትኛው ልጀምር ነው ጥያቄው። ሥልጠናውም ቀላል አልነበረም፤ በሳምንት 2 ሰዓት ተኩል ክፍል፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ በየቀኑ ቤት 45 ደቂቃ፣ ከሠለጠነ መምህር ጋር። የጎንዮሽ ችግሩ የሚያስመርረው ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ሊሄድ ይችላል፤ ይገባኛል። ይዞት መሄድ ያለበት ግን ወደ ሐኪሙ ነው።

መድኃኒት ስለመተው በቀጥታ የጠየቀ ጥናት ከተፈለገ ሌላ አለ። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ፣ በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ። ድብርት ደጋግሞ የያዛቸው፣ ግን በዚያን ጊዜ የተሻላቸው 424 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ በማይንድፉልነስ ላይ የተመሠረተ ሕክምና እየወሰዱ መድኃኒታቸውን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ተረዱ። ግማሾቹ መድኃኒቱን ቀጠሉ። በ2 ዓመት ውስጥ ሕመሙ ከመጀመሪያዎቹ 44 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 47 በመቶ ላይ ተመለሰ። የሚያበረታታ ነው። ግን ዝርዝሩን እዩት፤ የተሻላቸው፣ በክትትል፣ ቀስ በቀስ። በሁለቱም ወገን ደግሞ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰው እንደገና ታሟል።

በአንድ ቀን መድኃኒት ማቆም ሌላ ታሪክ ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ሕመሜ ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል። አንዳንዴም በእርግጥ ይመለሳል። ድብርት ሲመለስ ራስን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ የሚችል ሕመም ነው። ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬንያ ከተባሉት ከባድ የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ያለበት ሰው ጽሑፉን አንብቦ ለእኔም ነው ቢል ደግሞ፣ ከላይ ያሉት ጥናቶች ስለ እሱ አንድም ቃል አይናገሩም። ጸሐፊው ግን «የጭንቀትና የድብርት» ብለው ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ «የአእምሮ መድኃኒት» ብለው አስፍተውታል።

ይህ ጽሑፍ የሚነበበው የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ነው። ከክፍለ ሀገር አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ለክትትል የሚመላለስ ሰው አለ። ቤተሰቡ ለትራንስፖርት ይበደራል። ሰፈሩ «እስከ መቼ ነው የምትውጠው» ይለዋል። ጸበል ሄዶ መድኃኒቱን እንዲጥል የተነገረውም ብዙ ነው። አሁን ደግሞ ሃርቫርድ የሚል ስም የያዘ ጽሑፍ ያንኑ ምክር በሌላ ልብስ ይዞለት መጥቷል።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ አሚግዳላ፣ ስለ ኮርቲሶል፣ ስለ ቡና ያሉትን ይተዉት፤ እንከራከርበታለን፣ ተሳስቼም ከሆነ በማስረጃ ይመልሱልኝ። መድኃኒት ስለ መተው የምትናገረዋን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጧት። ፖስቱ ኤዲት ይደረጋል። ተላልፎ ላለቀው ደግሞ እዚያው ቻናል ላይ «መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ» የሚል አንድ መስመር ይጻፉ። ያችን መስመር ሼር ለማድረግ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።